ቁልፉ ያልተፈታ ዘር፦ እልኸኛ የሐረግ ዘሮችን ቤት ውስጥ ማብቀል

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ከሱቋ ኋላ ቤቴ፣ ከቤቴ ኋላ ጓሮዬ ነው። ጓሮውን የከበበው ቆርቆሮ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ቆርቆሮ ነው። ዝገቱ ዓይኔን ይወጋኛል። ቀለም ብቀባው ክረምቱ ልጦ ይጥለዋል። የዛሬ 6 ዓመት ባሕር ዳር ለሰርግ ሄጄ፣ አንድ ግቢ አጥር ላይ ሰማያዊ አበባ ያንዠረገገ ሐረግ አየሁ። ባለቤቲቱን ለምኜ ደረቅ ፍሬውን ለቀምኩና በመሐረብ ቋጥሬ መጣሁ። ሞርኒንግ ግሎሪ እንደሚባል ያወቅሁት በኋላ ነው።

20 ዘር ዘራሁ። ጠዋት ማታ አጠጣሁ። ወር ከ15 ቀን ጠበቅሁ። አንዱ ብቅ አለ፤ እሱንም ዶሮ በላው። ሲመረኝ አፈሩን ገልብጬ አየሁ። ዘሮቹ መሐረቤ ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጠጠር።

ጎረቤታችን እማሆይ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ። «ምን ጠፍቶህ ነው አፈር የምትበረብረው?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ዘፍዝፈኸዋል?»

«ኧረ አልዘፈዘፍኩም፣ እማሆይ።»

«አዬ ልጄ! ገብስ እንኳ ሳይዘፈዘፍ ብቅል ይሆናል?»

አፈርኩ። እናቴ ለጠላ ብቅል ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል፣ ነጭ ሥር ያወጣል። ለበቆልትም ባቄላው እንዲሁ ነው። ዘር ማብቀል እኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሐረግ ሲሆን ግን ዝም ብዬ አፈር ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘር ገደልኩ፣ ብዙም አበቀልኩ። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። አልበቅል ያለ ዘር አብዛኛውን ጊዜ የሞተ አይደለም። የተቆለፈ ነው። በእኔ ሙያ ቁልፍ ሲባል የበር ሳይሆን የሸሚዝ ነው። ሸሚዙን ሳትቀድ ልታወልቀው ከፈለግህ በየትኛው ቁልፍ እንደተያዘ ታያለህ። አንዳንዱ ዘር በቅርፊቱ ተይዟል። አንዳንዱ በፍሬው ጭማቂ። አንዳንዱ ብርድ ካልቀመሰ አይነቃም። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አልጎደለውም፣ ማርቆስ በርዶት ነው።

ቅርፊቱ የጠጠረ

ሞርኒንግ ግሎሪ፣ የእሱ ዘመድ ሙንፍላወር፣ በተርፍላይ ፒ የሚሉት ሰማያዊው የአተር ዘመድ፣ እና ስዊት ፒ ከዚህ ወገን ናቸው። ቅርፊታቸው ውኃ አያስገባም። እርሻ ላይ ቢሆን ፀሐይና ዝናብ፣ ድንጋይና ጊዜ ቀስ በቀስ ያሳሱታል። ሁሉም በአንድ ዝናብ አለመብቀሉ ለዘሩ ይበጀዋል፤ አንዱ ዙር በድርቅ ቢያልቅ ሌላው ይተርፋል። ለእኛ ግን አጥር መሸፈን ነው የቸኮልነው።

መላው ቅርፊቱን በአንድ ቦታ ብቻ ማቁሰል ነው። እኔ የጥፍር መቁረጫ እጠቀማለሁ። ዘሩን አገላብጣችሁ እዩት። ከእናቱ ጋር ተያይዞ የነበረበት ጠባሳ አለ፤ እምብርቱ ነው። ሥሩ የሚወጣው በዚያ አካባቢ ስለሆነ እዚያ አትንኩት። ከእምብርቱ ራቅ ብላችሁ ጫፉን ትንሽ ግመጡት። ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ነጣ ያለ ሥጋ ብልጭ ሲል አቁሙ። ጥፍር መቁረጫ ያላመነ፣ አናጢዎች እንጨት የሚያለሰልሱበት የብርጭቆ ወረቀት ላይ ዘሩን አንድ ጎኑን ይፈግፍገው። ቢላዋ አትሞክሩ። ዘሩ ይፈናጠራል፣ ጣት ይቀራል። የግራ አውራ ጣቴ ምስክር ነው።

ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ማታ ከትታችሁ ጠዋት እዩ። ውኃ የገባለት ዘር ያብጣል፤ እጥፍ ያህል ይሆናል። ያላበጠው አልተፈታም ማለት ነው። እሱን አውጥታችሁ እንደገና ግመጡት፣ እንደገና ዘፍዝፉት። ዘፍዝፎ መርሳት ግን አይሆንም። ዘርም ይተነፍሳል። ከ24 ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ ከቆየ ይታፈናል፣ ይሸታል። እኔ አንዴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ ደራርቦብኝ 3 ቀን ረስቼው፣ ብርጭቆውን ስከፍት ሚስቴ በር ከፍታ ወጣች።

ሌላው መንገድ ሙቅ ውኃ ነው። ይህን ያየሁት ወደ እንጅባራ በኩል ነው። አዊዎች ለከሰል የሚተክሉት ደከሬንስ የሚባል ግራር አለ። ዘሩ እንደ ብረት ነው። ችግኝ አፍዪዎቹ ውኃ አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩን ይጨምሩና እዚያው ውስጥ ቀዝቅዞ እንዲያድር ይተዉታል። ለግራር ድንቅ ነው። ለአበባ ሐረግ ግን እኔ እፈራዋለሁ። ጥቂት ዘር ብቻ ላለው ሰው ጥፍር መቁረጫው ይሻለዋል፤ እያንዳንዱን እያየ ይሠራል።

ሙንፍላወርን ለብቻው ላንሳው፣ ስለምወደው። ዘሩ ትልቅ ነው፤ እንደ ሽምብራ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ ነጣ ያለ። ነጩ አበባው የሚፈካው ሲመሽ ነው። ማታ ይከፈታል፣ ይሸታል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይጨማደዳል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሚውል ሰው የተፈጠረ ሐረግ ነው። ሙቀት ግን ይፈልጋል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል። ማርቆስ ላይ ከመጋቢት በፊት አልነካውም።

ስዊት ፒ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የጓያ የሥጋ ዘመድ ነው፤ በሳይንሱም አንድ ወገን ናቸው። የጓያ ማሳ አበባ ያየ ሰው ስዊት ፒን ሲያይ አይደነግጥም፤ የከተማ ልብስ የለበሰ ጓያ ነው። ጠባዩም ያው ነው፣ ደጋና ቅዝቃዜ ይወዳል። ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ሙቀት ፈልጋችሁ አታሯሩጡት። የጎጃም ገበሬ ጓያን ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ነው የሚዘራው። እኔም ስዊት ፒን በመስከረም መጨረሻ እዘራለሁ። ችግኙ አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል እንዳወጣ ጫፉን ቆንጥጡት፤ ከጎን ያቆጠቁጣል፣ አበባው ይበዛል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አይጥ ዘሩን ትወደዋለች፤ ጣሳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። ሰው ደግሞ እንዳይበላው። አተር መስሎ ልጅ ያታልላል፣ ግን መርዝ አለው። የሞርኒንግ ግሎሪም ዘር እንዲሁ ነው። እኔ ዘር የማስቀምጠው መርፌና ምላጭ በምቆልፍበት መሳቢያ ነው።

ጭማቂው የያዘው

ፓሽን ፍሩትን ሁላችሁም በጁስ ታውቁታላችሁ። አበባውን ግን ስንቱ አይቶታል? ነጭ ቅጠል፣ መሐሉ ላይ ወይን ጠጅና ነጭ ክር እንደ ዘርፍ የተበተነ። አንድም ጥልፍ ሠሪ እንዲህ አይሠራም። አጥር ይሸፍናል፣ አበባ ይሰጣል፣ በላዩ ላይ ፍሬ። ለደጋ ወይን ጠጁን ዓይነት ፈልጉ። ቢጫው ቆላ ይወዳል። ውርጭ ግን ሁለቱም አይችሉም።

የፓሽን ዘር በጭማቂ የተሞላ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ያ ጭማቂ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል ይይዘዋል። ስለዚህ ፍሬውን በልታችሁ ዘሩን እንዳለ አፈር ውስጥ ብትተፉ፣ ለወራት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዴ ይበቅላል፣ አንዳንዴ ይሻግታል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቆዳው የተጨማደደ፣ በደንብ የበሰለ ፍሬ እመርጣለሁ። ውስጡን ብርጭቆ ውስጥ እገለብጣለሁ። ትንሽ ውኃ ጨምሬ በጨርቅ እሸፍንና 2 ወይም 3 ቀን አስቀምጣለሁ። እንደ ጠላ ጥንስስ ይብላላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ሽታውም ይቀየራል። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ወንፊት ላይ ገልብጬ ከንጹሕ አሸዋ ጋር በመዳፌ አሸዋለሁ። አሸዋው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሚያንሸራትተውን ነገር ያወልቃል፣ ቅርፊቱንም ትንሽ ያሳሳል። አጥቤ ወዲያው እዘራለሁ። ወዲያው የሚለውን አስምሩበት። ትኩስ የፓሽን ዘር ከደረቀው እጅግ ይፈጥናል። በፖስታ የታሸገ ደረቅ ዘር ገዝታችሁ ከሆነ አንድ ቀን ለብ ባለ ውኃ አሳድሩትና ትዕግሥት ጨምሩበት።

ጥልቀቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ። በዚህ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይበቅላል። የኔ የመጀመሪያው በ19ኛው ቀን ወጣ። ሁለተኛው በ23ኛው። ሌሎቹ ጠብ፣ ጠብ እያሉ እስከ ሁለት ወር ድረስ መጡ። ስለዚህ ሁለት በቀለ ብላችሁ ሌላውን አትድፉት። ለጌጥ ብቻ የሚተከሉት ሌሎች የፓሽን ዓይነቶች ደግሞ ብዙ ወር ሊያስጠብቁ ይችላሉ።

ማርቆስ የበረደው

ከፍታችን ወደ 2,450 ሜትር ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይደረባል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚያገኘውን ሌሊት እኛ አናገኝም። የቆላ ሐረግ ዘር ደግሞ ቀን ሞቆት ሌሊት ከበረደው አይነቃም። እርጥብና ብርድ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ባሕር ዳር የበቀለው ማርቆስ ያልበቀለልኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ የሚባል ነገር ውጭ አገር አለ። እኔ ያለኝ የዲሽ ሪሲቨር ነው። ሪሲቨር ሲሠራ ጀርባው ለብ ይላል። በላዩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ የምሳ ሳሕን። ሳሕኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ ዘር። ልክ በቆልት እንደሚደረገው። ጨርቁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጭመቁት፤ ውኃ ጠብ ማለት የለበትም። ውኃ ሪሲቨሩ ላይ እንዳይወርድ ሳሕኑ ክዳን ይኑረው። በቀን አንዴ ክፈቱት፣ አየር ይግባ፣ እዩት፣ ዝጉት። መብራት ሲጠፋ ሳሕኑን ጋቢ ውስጥ እጠቀልላለሁ። አንድ ሌሊት ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አጠገቡ አስተኝቼ አውቃለሁ። ልጆቼ «አባዬ ልጅ ወለደ» ብለው ሳቁብኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ምጣዱ ለሰዓታት ሙቀት ይዞ ይቆያል። የመጀመሪያ ጊዜ እንጀራው እንደወጣ ሳሕኑን የምጣዱ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። 12 የሙንፍላወር ዘር ቀቅዬ አወጣሁ። ቆሎ ነበር የቀረው። አሁን ደንብ አለኝ። መዳፌን ክዳኑ ላይ አስቀምጬ እስከ 30 እቆጥራለሁ። 30 ሳልደርስ ካነሳሁት ገና ነው።

ጨርቁ ውስጥ ነጭ ሥር ብቅ ሲል፣ የሩዝ ፍሬ ያህል እንደሆነ ወደ አፈር አዛውሩት። ከረዘመ ጨርቁን ይወጋና ሲነቀል ይሰበራል። ለዚህ ስስ ጥጥ ጨርቅ አይሁን፤ ሥሩ በክሩ መሐል ይገባል። እኔ የኮት ገበር ቁራጭ እጠቀማለሁ፤ ይለቀዋል። ስታዛውሩት ሥሩን በጣት አትያዙት። ዘሩን ያዙ፣ ሥሩን ወደ ታች አድርጉ።

ብርድ የሚፈልገው

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሞከርኩት። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ክሪፐር የሚባል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሐረግ ዘር ላከችልኝ። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ክረምቱ በረዶ ነው። ዘሩ የሚረግፈው ከበረዶው በፊት ነው። ያኔ ቢበቅል ይሞታል። ስለዚህ ብርዱ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ይተኛል። እኛ ጋ ያ ብርድ ስለሌለ በፍሪጅ እናታልለዋለን። እርጥብ አሸዋ ከዘሩ ጋር ቀላቅላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ 2 ወር ያህል አስቀምጡ። ፍሪዘር አይደለም፣ ታችኛው ክፍል ነው። ከረጢቱ ላይ ጻፉበት። እኔ ሳልጽፍ አማቴ መጡና «ይሄ የተበላሸ ምንድን ነው?» ብለው ደፉት። ሁለተኛው ዙር ተሳካ። ፍሪጅ የሌለው ሰው ጮቄ ላይ ዘመድ ካለው እዚያ ይላከው እላለሁ ስቀልድ።

አፈሩና የሚገድለው ነገር

ዘሩ በቅሎ የሚሞትበት ሰበብ ሳይበቅል ከሚቀርበት ይበዛል። የእኛ ጓሮ ቀይ አፈር ለድንች ጥሩ ነው፤ ለጣሳ ግን ይጠጥራል። ዋልካማ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ። እኔ 2 እጅ በወንፊት የተነፋ የጓሮ አፈር፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ እቀላቅላለሁ። ከላይ እፍኝ የከሰል ብናኝ። ትኩስ ፍግ ክልክል ነው፤ ሥሩን ያቃጥላል።

ከመዝራቴ በፊት አፈሩ ላይ የፈላ ውኃ አፈስበታለሁ። ቀዝቅዞና ጠንፍፎ ነው የምዘራበት። ምክንያቱም ችግኝ ጣይ ሻጋታ አለ። ማታ ቆሞ ያያችሁት ቡቃያ ጠዋት ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፣ ይወድቃል። ከወደቀ አይነሳም። የሚያመጣው ብዙ ውኃና የታፈነ አየር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በተለይ። ስለዚህ ከላይ አታጠጡ። ጣሳው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ሳሕን ላይ አስቀምጡት። ላዩ ሲረጥብ አንሱት። ጣሳው ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ከደፋችሁበት ክዳኑን ክፈቱለት። ቡቃያው እንደወጣ ደግሞ ሃይላንዱን ራሱን አንሱት።

እነዚህ ሐረጎች ሥራቸው ሲነካ ይቀየማሉ። አንድ ዘር፣ አንድ ዕቃ። ችግኝ የሚፈላበት ጥቁር ፕላስቲክ ካገኛችሁ እሱ ነው። ስትተክሉ ቀዳችሁ ከነአፈሩ ታስቀምጡታላችሁ። ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። ስም ጻፉ፣ ቀን ጻፉ። እኔ የደንበኛ ጨርቅ ላይ እንደማደርገው ወረቀት በስፒል እወጋለሁ። አንድ ጊዜ ሳልጽፍ ቀርቼ በተርፍላይ ፒ ብዬ የተንከባከብኩት አደንጓሬ ሆኖ አፈራ። በላነው።

ቡቃያው ሲወጣ አንዳንዴ ቅርፊቱ እንደ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ይቀራል። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። አትጎትቱት። ጠብታ ውኃ አድርጉበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ግለጡት። መነጽር አድርጉ። እኔ እጄ ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል፣ እንዲያም ሆኖ የስንቱን አንገት ቀጥፌያለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወደ አጥሩ

አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በአንዴ ፀሐይ ላይ አታውጡት። የደጋ የቀትር ፀሐይ ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠልን ያነጣዋል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ 1 ሰዓት፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ፣ በ10 ቀን ሙሉ ቀን ይድረስ።

ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ አታስደግፉት። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ለስላሳው ጫፍ ይለበለባል። ከእንጅባራ የሚመጣ ቀርከሃ ሰንጥቄ፣ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር አርቄ አቁሜያለሁ። በመሐሉ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ወጠርኩ። ሐረጉ የሚወጣው በሲባጎው ነው። ሞርኒንግ ግሎሪ ዘሩን ራሱ ስለሚበትን ወደ ጎረቤት ጎመን እንዳይሻገር ፍሬውን ሳይረግፍ ልቀሙ። ከእማሆይ ጋር ልጣላ የነበረው በዚህ ነው።

ከደጃችን ያሉት

ዓይኑ ጥቁር፣ ቅጠሉ ብርቱካንማ የሆነውን ተንበርጂያ ብዙ ሰው የውጭ ይመስለዋል። ምሥራቅ አፍሪካ አገሩ ነው። ዘሩ አንድ ሌሊት ከተዘፈዘፈ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ካገኘ፣ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይወጣል። ችግሩ ዘሩን መያዝ ነው። ፍሬው ምንቃር ያላት የወፍ ጭንቅላት ይመስላል፤ ሲደርቅ ጠሽ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ያስፈነጥረዋል። እኔ ከሻሽ ቁራጭ ትናንሽ ከረጢት ሰፍቼ አረንጓዴው ሲገረጣ አስርበታለሁ። ጎረቤቶች አበባው ታመመ ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

አዞ ሐረግንም ሞክሬያለሁ፣ በየገደላ ገደሉ ነጭ ላባ የሚያወዛውዘውን። ላባው የዘሩ ጅራት ነው። ጅራቱን አሽታችሁ አውልቁ፣ ትኩሱን ዝሩ፣ ከዚያ እርሱት። በጥር የዘራሁት በሰኔ ነው የመጣው። ጠምበለል ከፈለጋችሁ በዘር አትድከሙ፤ ለጋ ቁራጭ ይሻላል። ቡገንቪሊያም እንዲሁ በቁራጭ ነው።

ግሎሪዮሳ የሚባለውን እሳት የመሰለ ቀይ አበባ ሰው ይጠይቀኛል። ዘሩ እንዳሰኘው ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሥሩም ዘሩም ቅጠሉም ግን ክፉ መርዝ ነው። ልጅና በግ ያለበት ግቢ ስለሆነ እኔ አላስገባሁትም።

ስለ ግዢ አንድ ነገር። በስልክ ከሚሸጥ ሰው «ቀስተ ደመና ዊስተሪያ» የሚባል የአበባ ሐረግ ነው ተብዬ 10 ዘር በ500 ብር ገዝቻለሁ። በሥዕሉ ላይ አንዱ ዘለላ ሰባት ቀለም ነበረው። በ4 ቀን ሁሉም በቀሉ። ደስ አለኝ። በ3ኛው ሳምንት ሚስቴ መጣች፣ ቅጠሉን ቀነጠሰች፣ ቀመሰች። «ጎመን ዘር ነው» አለች። የዊስተሪያ ዘር ትልቅና ጠፍጣፋ መሆኑን፣ ከዘር የበቀለም ለማበብ ከ10 ዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ባውቅ ኖሮ አልሸወድም ነበር። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት የዘሩን መልክ እዩ፣ የአበባውን ሥዕል ተዉት።

የራሳችሁን ዘር ስታስቀምጡ ፍሬው ቡናማ ይሁን፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ በወረቀት ፖስታ ይግባ። ፕላስቲክ እርጥበት ይይዝበታል።

ይህን ስጽፍ ሪሲቨሩ ላይ 7 የሙንፍላወር ዘር ተቀምጧል። ትናንት ማታ ዜና ላይ ክዳኑን ስከፍት አንዱ ነጭ ጅራቱን አውጥቷል። ልጆቼን ጠራኋቸው። ታናሽየዋ አየችውና «አባዬ፣ ቁልፉን ፈታ» አለች። ዜናው ምን እንዳለ አልሰማሁም።